የሻረግን በእርምጃዋ ማወቅ

«ጫማው ነው የሚሮጠው አልኩህ! ሰውዬው ላዩ ላይ ተሳፍሮ ነው የሚሄድ!»

ወርቁ ይህን ሲል አግዳሚው ላይ ቆሞ ነበር። ባጃጅ ነጂ ነው፤ ሲከራከርም መሪ የጨበጠ ይመስል ሁለት እጁን ወደ ፊት ይዘረጋል።

«እንግዲያው አንተም ግዛና ተሳፈር» አለው መምህር ሳሙኤል። «ከዚህ እስከ መገንጠያው እንኳ በእግርህ ስትሄድ ያየህ የለም።»

ቤቱ ሳቀ። ወርቁ ግን ተሸንፎ የሚቀመጥ ሰው አይደለም።

«እኔን ተወኝ። ሃምሳ አለቃ ባምላኩ የዛሬን ጫማ አድርጎ ቢሮጥ ማን ይደርስበት ነበር? በፖሊስ ቡትስ እኮ ነው ከአንበሳሜ ወረታ ድረስ የሮጠው። ደርሶም አላረፈ፤ ተረኛ ነኝ ብሎ ዘብ ቆመ!»

«አይተኸዋል?»

«አባቴ አይቷል።»

«አባትህ ደግሞ ምን ያደርጉ ነበር እዚያ?»

«ታስሮ ነበራ! የሚጠብቀው እሱን ነው።»

አሁን ሳቁ ጣሪያውን ነቀነቀው። መምህር ሳሙኤልም ሳይወድ ሳቀ። ከአዲስ አበባ ለማስተማር መጥቶ ወረታ የቀረ ሰው ነው፤ የዛሬ ሯጮች ሲነኩበት ዘመዱ የተሰደበ ያህል ይቆጣል። «የድሮዎቹ ጎበዞች ነበሩ፤ አልካድሁም» አለ ዓይኑን እየጠረገ። «የዛሬዎቹ ግን ሩጫን ሥራ አድርገው ይዘውታል። መተኛታቸው እንኳ ሥራ ነው። ጎበዝ ስለሆኑ ብቻ አይደለም የሚያሸንፉት።»

«ወርቁ፣ ከአግዳሚው ውረድ» አሉ የቤቱ ባለቤት እትዬ ዘነቡ ከሻይ ማፍያው ጀርባ። «ነገ የሩዝ ጆንያ የሚደረደርበት እንጨት ነው።»

ወርቁ ወረደ። ክርክሩም አብሮት ወረደ። ቤቱ ከነገ ጀምሮ የሩዝ መጋዘን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቅ ነበር፤ ሲነገር መስማቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

እኔ ከስክሪኑ ጎን ቆሜ ማይኩን በመሀረብ እጠርግ ነበር። ያ ቀን የሥራዬ የመጨረሻ ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ጡረታ ወጣሁ ስል የሚስቅብኝ አይጠፋም፤ ይሳቅ። ጡረታ የወጣው ሥራው ራሱ ነው። ወረታ ውስጥ ኳስና ሩጫ እያየሁ በአማርኛ የማስተላልፍ ሰው ነበርሁ፤ ሜዳም ላይ፣ በእትዬ ዘነቡ ቤት ስክሪን ፊትም። አሁን ሰው ሁሉ በየስልኩ ያያል፣ አማርኛውም ከስልኩ ይወጣለታል። እኔም ሩዝ መፈልፈያ ገብቻለሁ። ማሽኑ ሲነሣ የራሴን ሳል እንኳ አልሰማም።

የዚያን ቀን ግን እኔን የሚፈልግ ሥራ ነበር። ከውጭ አገር የሚመጣ የጎዳና ሩጫ ነው፤ በአማርኛ የሚያስተላልፈው ጣቢያ አልተገኘም። መምህር ሳሙኤል ከስልኩ ወደ ስክሪኑ አገናኘው፤ ድምፁ የማናውቀው ቋንቋ ነው። ከሚሮጡት ሴቶች አንዷ ደግሞ የፎገራ ልጅ የሻረግ ናት። እኔ እሷን በማይክ ስጠራ ይህ ሁለተኛዬ ነው። የመጀመሪያው እንዴት እንደ ሆነ ለመናገር ከመናኸሪያው መጀመር አለብኝ።

መናኸሪያ ውስጥ ተሳፋሪ ጠሪ ነበርሁ። «ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር አንድ ሰው የቀረው!» እያልሁ ስጮህ፣ አንድ ሽማግሌ ተጣድፈው መጥተው ገቡ። ወዲያው ወረዱ። መኪናው ባዶ ነበር።

አጠገቤ ቆመው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ሊሰድቡኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

«ድምፅህ ጥሩ ነው» አሉኝ። «ዓይንህ ግን ውሸታም ነው። ድምፁን ለእኔ አምጣው፤ ዓይኑን አብረን እናቃናዋለን።»

ጋሽ ታከለ ነበሩ። የከተማው ሜዳ ላይ ማይክ የሚይዙት እሳቸው ናቸው፤ በዚያ ጊዜ ጉሮሯቸው መታመም ጀምሮ ስለነበር ተተኪ ይፈልጋሉ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፎገራን ከብት ሲከትቡና ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ከሩቅ የሚመጣ መንጋ ውስጥ የትኛዋ ላም ሰኮናዋን እንደታመመች ባለቤቱ ሳያውቅ እሳቸው ያውቃሉ። ተጫዋችንም ሯጭንም የሚያዩት እንደዚያ ነው፤ ከእግሩ ጀምረው።

ትምህርቴን የጀመርሁት ያለ ማይክ ነው። በገበያ ቀን የጎንደርና የደብረ ታቦር መንገድ የሚለያይበት ቦታ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡኛል። ከሩቅ ሰው ብቅ ሲል፣ ፊቱ ሳይለይ፣ «ማነው?» ይላሉ። እኔ ዓይኔን አጥብቤ ፊቱን ስፈልግ በበትራቸው ጉልበቴን ነካ ያደርጉኛል።

«ፊት አትጠብቅ። ፊት ሲመጣማ ማንም ያውቀዋል። ትከሻውን እይ። ተረከዙ እንዴት እንደሚወድቅ እይ። አሁን ተናገር።»

ተሳስቼ፣ ተሳስቼ፣ አንድ ቀን እትዬ ዘነቡን ከአህያ መንጋ ጀርባ በጥላቸው ብቻ አወቅኋቸው። ጋሽ ታከለ ሻይ ጋበዙኝ። ለረጅም ጊዜ ደመወዜም ያው ሻይ ነበር።

ማይክ ከጨበጥሁ በኋላ ሌሎች ልማዶቻቸው መጡ። ተጫዋች ሲሳሳት በቁጥሩ ይጠራል፤ ሲያምርለት በስሙ፣ ከነአባቱ። «የሰው ስም ለበጎው ነው፤ ለስሕተቱ ማልያው ይበቃዋል» ይሉ ነበር። ማዕዘን ምት ሲመታ ዝም ይባላል፤ ሕዝቡ ራሱ ይተንፍስ። ያየኸው ሁሉ አይነገርም። የወረታ ቡድን የግራ እግር ተጫዋች መልኬ ኳሷን ወደ ውስጥ ሊያሻግር ሲል የግራ ካልሲውን ሳብ እንደሚያደርግ እኔ ደርሼበት ነበር። በደስታ ማይኩን ወደ አፌ ሳመጣ ጋሽ ታከለ ገመዱን ከኋላ ጎተቱት።

«አንተ ሞኝ! ተከላካዩም እኮ ጆሮ አለው።»

መልኬን ያየ ዛሬም ስለ እሱ ሲያወራ ድምፁ ይለወጣል። ኳስ እግሩ ላይ ስትደርስ የሜዳው ዳር ሁሉ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይራመድ ነበር። ወርቁና መምህር ሳሙኤል በሌላ በምንም ተስማምተው አያውቁም፤ በመልኬ ይስማማሉ።

አለቆችም ነበሩኝ። አንዱ የስፖርት ኃላፊ ጎል በገባ ቁጥር የእሱም ስም እንዲጠራ ይፈልግ ነበር። አንድ ቀን «ጎል! ከክቡር ኃላፊያችን ጋር!» ብዬ ጠራሁለት። በረኛው ሳይቀር ሲስቅ ጊዜ ተወኝ። እትዬ ዘነቡ ደግሞ ማስተላለፉን የሚመዝኑት በሻይ ነው። እኔ ደህና ስሠራ ሰው ሻይ ማዘዝ ይረሳል፤ ያኔ ይቆጡኛል። ስደክም ሻይ ይሸጣል፤ ያኔ ዝም።

ጋሽ ታከለ ድምፃቸው ጨርሶ ሲሸሽ እንኳ አልተለዩኝም። ከኋላዬ ይቀመጡና በትራቸውን ጉልበታቸው መሀል ያቆማሉ። ስሳሳት መሬቱን አንድ ጊዜ መታ ያደርጋሉ። ያቺን ድምፅ የሚሰማት ከእኔ በቀር የለም። እስከ መጨረሻው ፊሽካ ተነሥተው አያውቁም።

አንድ ቀን ብቻ ከኋላዬ አልነበሩም። ጉሮሯቸውን ለመታየት ባሕር ዳር ሄደው ነበር። የፎገራ አገር አቋራጭ ሩጫ ደግሞ የዚያን ቀን ሆነ።

ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ከሜዳው ቢሸሽም ጥቁሩ አፈር ገና አልጠነከረም። ሯጮቹ አንዴ ዞረው ሲመጡ ሁሉም ከጭንቅላት እስከ እግር አንድ ዓይነት ነበሩ። ቁጥር አይታይም፤ የማልያ ቀለም አይለይም። እኔ ግን አልተጨነቅሁም፤ የምታሸንፈው የከተማዋ ልጅ እመቤት እንደሆነች አገር ያውቃላ። እንዲያውም ግጥሟን ሠርቼ፣ በቃሌ ይዤ፣ ከምላሴ ጫፍ አስቀምጬ ነበር።

አንዲት ሴት ከሁሉም ቀድማ ከመታጠፊያው ብቅ አለች። ማይኩን አነሣሁ።

እመቤት ስትመጪ ሜዳው ጠበበሽ፣
ነፋሱም ደንግጦ ጎን ለቀቀልሽ!

ሕዝቡ ተቀበለው። ድምፅ ማጉያው ከዳር እስከ ዳር አደረሰው። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ሰው ገመዱን አልፎ ገባ፣ ሁለተኛ የመጣችውን እመቤትን ከመድረሻው መስመር ላይ አንሥቶ ተሸከማት። እሷ «እኔ አይደለሁም!» ትላለች፤ ማን ይስማት።

ያሸነፈችው የሻረግ ብቻዋን ቆማ ነበር። ትንፋሿ ገና አልተመለሰም። ወደ እኔ እያየች ደረቷ ላይ ያለውን ቁጥር በመዳፏ ትጠርጋለች፤ ጭቃውን አንሥታ እንዳነብላት። ብትጠርገው ብትጠርገው ጭቃው ይለቀለቃል እንጂ አይለቅም።

ዳኞቹ ወዲያው አስተካከሉት። ሜዳሊያው ለባለቤቷ ደረሰ፤ እኔም በማይክ አረምሁ። ግን ያ እልልታ አንድ ጊዜ ነው የሚመጣ። በእርማት እልል የሚል ሰው የለም።

አባቷ አያ ደምሌ ከሜዳው ዳር ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ረዥም፣ ጋቢያቸውን አጥብቀው የሚለብሱ የሩዝ ገበሬ ናቸው። ይመቱኛል ብዬ ነበር፤ በተሻለ።

«ልጄ የእርስዎን ማይክ ፈልጋ አልሮጠችም» አሉኝ። አንቱ አሉኝ፤ ከዱላ የከፋው እሱ ነው። «ግን የአገሯ ሰው ተሰብስቦ አሸናፊ ሲጠራ የሰማው የሌላ ሰው ልጅ ስም ነው። እርስዎ ባሉበት እኔ ሁለተኛ አልቀመጥም።»

ጋሽ ታከለ ከባሕር ዳር ሲመለሱ ሰምተው ጨርሰዋል። አልተቆጡም። ሁሉንም ካስነገሩኝ በኋላ በዚያች በተረፈቻቸው ሹክሹክታ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «ግጥሙን ቀድመህ ሠራህና ሯጯን ለግጥሙ ፈለግህለት።»

በማግሥቱ ሜዳውን አቋርጠው ወደ ሩዙ ማሳ ወሰዱኝ። የሻረግ ቤት ከማሳው ማዶ ነው። ውኃ ለመያዝ በየማሳው ዙሪያ የሚደለደለው የአፈር ድንበር ለአንድ እግር እንኳ ይጠባል። የሻረግ ድንበሩን ይዛ ወደ እኛ በኩል ትሮጥ ነበር፤ እኛን አላየችም። ግራ እግሯ ቀኙ በወደቀበት መስመር ላይ ይወድቃል። ትከሻዋ አይንቀሳቀስም፤ ብትወዛወዝ ውኃ ውስጥ ትገባለቻ።

«አየህ?» አሉ ጋሽ ታከለ። «ይቺ ልጅ ጭቃ ቀርቶ ድንጋይ ብትለብስ ትታወቃለች።»

ከዚያ ወዲህ ግጥም ቀድሜ ሠርቼ ሜዳ ገብቼ አላውቅም። አያ ደምሌ ደግሞ ገበያ ሲመጡ በእትዬ ዘነቡ በር አያልፉም፤ ዞረው በጀርባ ይሄዳሉ። የሻረግ ከወረታ ወጣች፣ ከአገር ወጣች፣ ስሟ በሌላ ሰው አፍ ተጠራ። እዚህ ግን በእኔ አፍ አልተጠራም።

እንግዲህ በዚያ በመጨረሻው ቀን ሩጫው ሊጀመር ሲል በሩ ተንጫረረ። የእትዬ ዘነቡ የቆርቆሮ በር ሲከፈት የሚያወጣው ድምፅ ጥርስ ያፋጫል፤ የገባ ሁሉ ይሰደብበታል። የዚያን ቀን ግን የተሳደበ የለም። አያ ደምሌ ናቸው። ከኋላቸው ጋሽ ታከለ። ሄደው ያመጧቸው እሳቸው ነበሩ።

«አያ ደምሌ፣ እዚህ ይቀመጡ» አለ ወርቁ ከመቀመጫው ዘሎ።

«አልቀመጥም። ልጄን ልይ ብዬ ነው።» በሩ ሥር ቆሙ።

«የሻረግን የማያውቃት የለም፤ ድምፁ እንዳለ ይሁን» አለ መምህር ሳሙኤል ቀስ ብሎ። ክፉ ብሎ አይደለም፤ ሊያድነኝ ነው።

«በማናውቀው ቋንቋ?» አለ ወርቁ። «እንዴ! ዛሬ ካልጠራት መቼ ሊጠራት ነው? ነገ ለሩዙ ነው የሚያስተላልፍ?»

ሁሉም ወደ አያ ደምሌ ዞረ። እሳቸው ስክሪኑን ብቻ ያያሉ። እትዬ ዘነቡ ሪሞቱን አንሥተው ድምፁን አጠፉት። ጋሽ ታከለ ከኋላዬ ተቀመጡ፣ በትራቸውንም ጉልበታቸው መሀል አቆሙ።

ጀመርሁ።

እዚያ አገር ዝናብ ነበር። ሴቶቹ ኮፍያ አድርገዋል፤ ብዙዎቹ የለበሱትም አንድ ዓይነት ልብስ ነው። የመንገዱን ዝናብ፣ የቡድኑን ፍጥነት፣ ማን ውኃ አነሣ፣ ማን አለፈ እያልሁ አስተላለፍሁ። የሻረግን መሀል ላይ አግኝቼ አንድ ጊዜ በስሟ፣ ከነአባቷ፣ ጠራኋት። አያ ደምሌ አልተነቃነቁም።

ከግማሽ በኋላ ሁለት ሴቶች ከቡድኑ ተነጥለው ወጡ። በዚያው ቅጽበት ኔትወርኩ ተዳከመና ምስሉ ተበጣጠሰ። ከስክሪኑ ሥር የሚጻፈው ስም አይነበብም። የሚታየው የሚንቀሳቀስ ቀለም፣ ሰው የሚመስል ነገር ብቻ ነው። ጭቃው እዚህም ተከትሎኝ መጣ።

«የሻረግ ናት!» ወርቁ እንደገና አግዳሚው ላይ ወጣ። «የፊተኛዋ የሻረግ ናት! ጥራት እንጂ አንተ!»

«ጥራት! ጥራት!» ቤቱ ተነሣ። እትዬ ዘነቡ እጃቸውን ወደ አፋቸው ወስደው እልልታውን ጀምረዋል። አያ ደምሌ ከበሩ ሁለት እርምጃ ወደ ፊት መጡ፤ ፊታቸው እንደ ልጅ ፊት ሆኖ ነበር። ከእኔ የሚፈለገው አንድ ቃል ነበር። ያን ቃል ብናገር ቤቱ ይፈነዳል፣ የድሮው ዕዳዬም የሚሰረዝ ይመስላል።

የፊተኛዋን እግር አየሁ። የሚወድቀው ወደ ውጭ ነው፤ ሰፊ መንገድ ላይ ያደገች ሰው እርምጃ። ትከሻዋም ይወዛወዛል።

«ፊተኛዋ የሻረግ አይደለችም» አልሁ በማይኩ።

ቤቱ ጮኸብኝ። ወርቁ «እንዴት አይደለችም? አሁንም ልትነጥቃት ነው?» አለ። የበትሩን ድምፅ ጠበቅሁ። መሬቱን የመታው የለም።

«ሁለተኛዋም አይደለችም። ከኋላ ያሉትን ተመልከቱ፤ ከግራ በኩል፣ ከቡድኑ ለመውጣት የጀመረችውን። ትከሻዋ አይነቃነቅም። ሁለት እግሯ አንድ መስመር ላይ ነው የሚወድቀው። ይህ አሯሯጥ የሩዝ ድንበር አሯሯጥ ነው፤ ፎገራ ካልሆነ የትም አይማሩትም። አራተኛ ናት። የሻረግ ደምሌ አራተኛ ሆና እየመጣች ነው።»

ማንም አላመነኝም። አያ ደምሌ ዓይናቸውን አጠበቡ። ከዚያ በዝግታ ቀኝ እጃቸው ተነሥቶ ወደ ስክሪኑ አመለከተ፤ እኔ ወዳልሁት ቦታ።

«ናት» አሉ። «እንዲህ ነው ምሳዬን የምታመጣልኝ። ድንበር ድንበሩን።»

ምስሉ ጠራ። ከሥሩ ስሙ ተነበበ፤ መምህር ሳሙኤል ጮክ ብሎ አነበበው። አራተኛ። ወርቁ አግዳሚው ላይ እንደ ቆመ እጁን በራሱ ላይ ጫነ።

«አዝመራው» ብሎ በስሜ ጠራኝ፤ «ግጥም በላት! አሁን ነው ግጥሙ!»

ግጥም አልነበረኝም። ደስ ያለኝም እሱ ነው።

«የሻረግ ደምሌ ሦስተኛዋን ያዘች» አልሁ። «አለፈቻት።»

ያኔ ነው ከኋላዬ በርጩማው ሲንኳኳ የሰማሁት። ጋሽ ታከለ ተነሥተዋል። ሩጫው ገና አላለቀም፤ የሻረግ ገና ሁለቱን እያየች ነው። ዞር ብዬ ማየት አልቻልሁም፤ ዓይኔን ከእግሯ ማንሣት አልፈለግሁም። ሹክሹክታቸው ብቻ ደረሰኝ።

«ደምሌ፣ ና። የእኔን ቦታ ያዝ።»

«እርስዎስ? አላለቀም እኮ።»

«እኔ ጨርሻለሁ።»

አያ ደምሌ ከኋላዬ ተቀመጡ። ጋቢያቸው ወንበሬን ነካ። ትንፋሻቸው ከልጃቸው ጋር የሚሮጥ ሰው ትንፋሽ ነበር። እኔ የሻረግን እየጠራሁ፣ ከነአባቷ እየጠራሁ፣ የበትሩ ኮቴ ወደ በሩ ሲርቅ ሰማሁ። በሩ እንዳይንጫረር በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ያዙት፤ ወጡ፤ ከውጭ ሆነው ያለ ድምፅ ገጠሙት።